አዙሪት የያዛት በግ፦ ትታረድ ወይስ ትታከም?

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ሕዝብ የቀረበ ትምህርት



ከመንጋዋ ተለይታ በአንድ ቦታ የምትዞር በግ በፋርጣም ሆነ በላይ ጋይንት፣ በእስቴም ሆነ በጉና ግርጌ በግ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አንገቷን ወደ አንድ ወገን ጥላ ትዞራለች፤ እረኛው ቢጠራት አትመለስም፤ አጥር ካገኘች ግንባሯን ደግፋ ትቆማለች። «አዙሪት ያዛት» እንላለን። ከዚያ ቤተሰቡ ይከራከራል። አንዱ ትታረድ ይላል፤ ሌላው ገበያ ትውጣ ይላል፤ ሦስተኛው የእንስሳት ሐኪሞች የራስ ቅል ከፍተው ያድናሉ ሲባል ሰምቷል። ክርክሩ ሳያልቅ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በጓም ትከሳለች። በመጨረሻ ለማረድም ለመሸጥም ለማከምም የማትሆንበት ቀን ይደርሳል።

የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ሁሉም ሰው በጉን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና እንዲሮጥ የምመክር ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ የምለምናችሁ ውሳኔው በጊዜው እንዲሰጥ፣ ጥያቄዎቹም በተራቸው እንዲጠየቁ ነው። ቀዶ ሕክምናም የሚመረጠው ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ሁለት ሳምንታት የሚሸከም ቤት ሲኖር ነው። ሐኪሙ ከበጓ ጋር የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት የምታስታምማት የቤቱ እመቤት ናት፤ ብዙ ጊዜም ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ነው።

በመጀመሪያ በሽታው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ስለ ኮሶ ትል ለዚህ ጉባኤ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶ የማያውቅ የለም። የአዙሪቱ ትል የዚያ ዘመድ ነው። የኮሶ ትል አድጎ የሚኖረው በሰው አንጀት ሲሆን ይኸኛው የሚኖረው በውሻ አንጀት ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቴኒያ ሙልቲሴፕስ ይባላል፤ እስከ አንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ከጫፉ እየተቆረጡ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር የሚወጡት ክፍሎች በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይዘዋል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ሣር ላይ ይቀራል፤ በጓም ከሣሩ ጋር ትውጠዋለች። አንጀቷ ውስጥ ሲፈለፈል እጩ የአንጀቷን ግድግዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ደሙም ወደ መላ ሰውነቷ ይበትነዋል። ሌላ ቦታ ያረፈው ይሞታል። አንጎል ውስጥ ያረፈው ግን ቀስ እያለ ያድጋል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ጥርት ያለ ፈሳሽ የሞላበት ከረጢት ይሆናል፤ ስፋቱም አምስት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ከረጢቱን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ብትይዙት በውስጠኛው ግድግዳ በመቶ የሚቆጠሩ ነጫጭ ነጥቦች ተለጥፈው ታያላችሁ። እያንዳንዱ ነጥብ ወደፊት አንድ ትል የሚሆን ራስ ነው። የበጓ ጭንቅላት ለውሻ በተጣለ ጊዜ እነዚያ ራሶች በውሻው አንጀት ላይ ይጣበቃሉ፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይተው እንቁላል የያዙ ክፍሎችን መጣል ይጀምራሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ኩሽንማይስተር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ይህንኑ ከረጢት ለውሾች አብልቶ ትል ሆኖ ሲያድግ ስላሳየ ነገሩ ከግምት ወጥቶ እውቀት ሆነ።

አገራችን ለዚህ ትል የተመቸች ናት። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ፀሐይና ድርቀት ቶሎ የሚገድሉት እንቁላል በደጋው ቅዝቃዜና እርጥበት ሣር ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በየቤቱ ውሻ አለ። በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ በየግቢው ይታረዳል፤ ጭንቅላቱም ብዙ ጊዜ ለውሻ ይወረወራል። የፋርጣ በግ የሚግጠው በዚህ መካከል ነው። የሚያዘው በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት የሆነው ወጣቱ ነው፤ ለነገ ተስፋ የተጣለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በእርግጥ አዙሪት ነው ወይ?» የሚል ነው፤ የሚዞር በግ ሁሉ አዙሪት የለበትምና። በአፍንጫዋ ቀዳዳ ውስጥ የዝንብ እጭ ያደገባት በግ ታስነጥሳለች፣ ንፍጥ ያወርዳታል፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አንዳንዴም ትዞራለች። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ አንጎሏን ያጠቃት በግም ትዞራለች፤ ይህችኛዋ ግን ትኩሳት አላት፣ አንዱ ጆሮዋና የአፏ ጎን ይወድቃል፣ ምራቋ ይንጠባጠባል፤ በሽታው በቀናት ውስጥ ስለሚገድላት በመጀመሪያው ቀን የተወጋ አንቲባዮቲክ ብቻ ነው ሊያተርፋት የሚችለው። የጆሮ ውስጥ ቁስልም አንገት ያጣምማል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በግ ጠባይዋ ሲለወጥ «ጉሮሮዋ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ይኖር ይሆን» ብለን አፏን ከፍተን እጃችንን እናስገባለን። ይህ ልማድ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ባለፉት ወራት ውሻ ወይም ቀበሮ ነክሷት ያውቃል? ጠባይዋ የተለወጠው በድንገት ነው? ድምፅዋ ተቀይሯል? መዋጥ አቅቷታል? አዙሪት ለሳምንታት እየጎተተ ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ እንስሳዋን ብዙውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ይገድላታል። ጥርጣሬ ካለ ለብቻ አስሯት፣ አፏን አትንኩ፣ አትረዷት፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ምራቋ የቆሰለ እጅ የነካው ሰው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንዲህ በምትጠረጠር በግ ላይ የራስ ቅል የሚከፍት ሐኪም አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም።

በሽታው አዙሪት ለመሆኑ ከታመነበት የሚቀጥለው ጥያቄ አንድም መርፌ ከመወጋቱ በፊት መመለስ አለበት፦ ትታረድ ይሆን? ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ቤተሰብ ተራውን ስለሚገለብጠው ነው። መጀመሪያ ከገበያ የተገዛ መድኃኒት ይወጋል፤ ካልተሻላት ትታረዳለች። መድኃኒቱ ግን በሥጋዋ ውስጥ ነው። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋ በኋላ ሥጋው እስኪበላ ብዙውን ጊዜ አራት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሌላውም ጊዜ በዕቃው ላይ ተጽፏል። የተወጋችን በግ በሳምንቱ አርዶ ለልጆች ማብላት በሽታውን ከበግ ላይ አንሥቶ ሌላ ጉዳት ቤት ማስገባት ነው። ማረድ ካሰባችሁ እንግዲያው መርፌው ሳይገባ እረዱ። የሞተችን በግ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላትም፤ ውሳኔው በዘገየ ቁጥር የሚቀረው ነገር ይቀንሳል።

ማረድን እንደ ሽንፈት አልቆጥረውም። ገና ሥጋ ያላት፣ ትኩሳት የሌላት በግ ከሆነች፣ ሐኪም ያለበት ከተማ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ፣ በዓልም ከቀረበ ማረድ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሰው ሥጋውን በመብላት አዙሪት አይይዘውም፤ ባለሙያ ቢያየው ደግሞ ይመረጣል። ጭንቅላቱ ብቻ ለውሻ አይሰጥ። ነገር ግን የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በጾሙ መግቢያ አዙሪት የያዛት በግ ሥጋዋ ለማን ይሆናል? ቋንጣ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም ገበያው ቀዝቅዟል፣ በጓም እስከ ፋሲካ አትቆይም። እንዲህ ባለው ወቅት ቀዶ ሕክምናው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ትርጉም አለው።

ስለ መሸጥ ግን በግልጽ እናገራለሁ። ሕመሟን ሸሽጎ ገበያ ማውጣት በደል ነው፤ ገዢውን ከማታለሉም በላይ ያንን ጭንቅላት ወደ ሌላ መንደር ውሾች ይወስደዋል።

በአካባቢያችን ግንባሯን በጋለ ብረት የመተኮስ ልማድ አለ። አባቶች ይህን ያደረጉት ከጭካኔ አይደለም፤ ሌላ መላ ስላልነበራቸው ነው። ከረጢቱ ግን ከአጥንት በታች ነው፤ የብረቱ ሙቀት ቆዳውን አቃጥሎ ይቀራል። እኛ ልንሰፋው የሚገባውን ቆዳም አስቀድሞ ያበላሽብናል። ከሱቅ የሚገዛው የአልቤንዳዞል ክኒንም ላደገ ከረጢት የቀዶ ሕክምና ምትክ አይሆንም፤ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ላለች እናት በግ ደግሞ ለጽንሷ አደገኛ ነው።

ታዲያ ለቀዶ ሕክምና የምትበቃው የትኛዋ ናት? ገና የምትበላ፣ በራሷ የምትቆም፣ ከረጢቷም በአንጎሏ የላይኛው ገጽ ላይ ያለ በግ ናት። ቦታውን የምናገኘው በአብዛኛው በዓይንና በእጅ ነው። በሀብታም አገር ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ይጠቀማሉ፤ እኛ ጋ በጓን ለቅቀን እናያለን። ብዙውን ጊዜ የምትዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው። የሚታወረው ዓይኗ ደግሞ የተቃራኒው ጎን ነው፤ የዓይን ነርቮች ወደ አንጎል ሲገቡ ይሻገራሉና። ስለዚህ ወደ ቀኝ የምትዞር፣ ግራ ዓይኗ አጠገብ እጅ ሲወዛወዝ የማትርገበገብ በግ ከረጢቷ በቀኝ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ከዚያ በአውራ ጣት የራስ ቅሏን እንዳስሳለን። ከረጢቱ ገፍቶ አጥንቱን ያሳሳው እንደሆነ ቦታው ሲጫኑት ይለጠጣል፤ እሷም ትሸሻለች። እነዚህ ሦስት ምልክቶች አንድ ቦታ ከጠቆሙ ተስፋ አለ። ስትራመድ የምትንገዳገድ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ እየጣለች የምትወድቅ ከሆነች ግን ከረጢቱ ከኋላ፣ ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ነው፤ እዚያ መድረስ ከባድ ነው። ተኝታ የማትነሣዋን፣ ደጋግሞ የሚያንቀጠቅጣትን በግ ይዛችሁ ብትመጡ «አትቀደድ» የምላችሁ እኔ ነኝ። ለእሷ የሚገባት ሥቃይዋን በቶሎ ማሳጠር ነው።

ከሐኪሙ ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ሙሉውን ወጪ ጠይቁት፤ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ሳይሆን የሚከተሉትን መርፌዎችና የስፌት ማውጫውን ቀን ጨምሮ። እርጉዝ ከሆነች ንገሩት፤ የአንጎል እብጠትን ለመቀነስ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን በአምስት ወር እርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ያለችን በግ ሊያስወርዳት ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ምግብ አትብላ። የሞላ ጨጓራ ይዛ ከተኛች ይነፋታል፤ የበላችውም ተመልሶ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የጭንቅላቷ ጠጉር ይላጫል፣ ቆዳው ይታጠባል፣ ቦታው በሊዶኬይን ይደነዝዛል። እዚህ ላይ ልክ አለ፤ 20 ኪሎ የምትመዝን በግ ባለ 2 በመቶ ሊዶኬይን ከአምስት ሚሊ ሊትር ገደማ በላይ ከተሰጣት ሊመርዛት ይችላል። ዛይላዚን የተባለው ማስተኛም ለበግ የሚበቃው ለፈረስ ከሚሰጠው በኪሎ ሲሰላ እጅግ ያነሰ ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ ገዝቶ በቤት መሞከር የማይገባው ለዚህ ነው። ቆዳው ተከፍቶ በአጥንቱ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ከረጢቱ በስሪንጅ ፈሳሹ ይመጠጥለታል፤ ሲኮማተር ግድግዳው በመቆንጠጫ ተይዞ በቀስታ ይሳባል። ሙሉው መውጣት አለበት። ቀዳዳው በአጥንት አይደፈንም፤ ቆዳው ይሰፋበታል፤ ጊዜ ሲያልፍ ጠንካራ ጠባሳ ይሸፍነዋል። ቦታው በትክክል ከተለየ፣ ከረጢቱም አንድ ብቻ ከሆነ አብዛኞቹ ይድናሉ። ሁለተኛ ከረጢት በውስጥ ተደብቆ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ይህን አስቀድሞ ለባለቤቱ መናገር የሐኪሙ ግዴታ ነው።

አንዳንድ ሰው ይጠይቃል፤ ለአንዲት በግ ይህ ሁሉ ነገር ለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የቆመው መንጋን ለማዳን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ጨርሶ ሕዝቡን ለረኃብ ሰጠ። ያንን በሽታ ያጠፋው ክትባት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011 ከደስታ በሽታ ነፃ ተባሉ። አንድ ብር ብቻ ቢኖረን ዛሬም ክትባት ላይ እንዲውል እመክራለሁ። ነገር ግን ሦስት በግ ብቻ ላላት ባልቴት አንዷ በግ የሀብቷ ሲሶ ናት። እሷ «አድኑልኝ» ስትል ስለ መንጋ ማውራት መልስ አይሆናትም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻም አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ጅራት የሌላትን ትንሽ እንስሳ በቤት የሚያሳድጉ ቤተሰቦች የሽንት ፊኛ ጠጠር ሲገኝባት እንደ እኛው ይጨነቃሉ፤ ትቀደድ ወይስ ሥቃይዋ ይጠር? የእንስሳዋ ዘር የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ደጋ ነው፤ እዚያ ለምግብ ያረቧታል። ከእነዚያ ቤተሰቦች የምንማረው አለ። ጊኒ ፒግ እንደ በግ ከምግብ መከልከል የለባትም፤ ማስታወክ አትችልም፣ አንጀቷም ለጥቂት ሰዓት ባዶ ከቆመ ራሱን ለማስነሣት ይቸገራል። ስለዚህ ከማደንዘዣው እንደ ነቃች የተፈጨ ሣር በስሪንጅ እየጨመቁ ያበሏታል፤ ሌሊት እንኳ ተነሥተው። ብዙዎቹ የሚሞቱት ከቁስሉ ሳይሆን ባለመብላት መሆኑን ያውቃሉ። ለበጋችንም የሚሠራው ይኸው እውነት ነው፤ ሣር የሚበላ እንስሳ ሆዱ ካልተንቀሳቀሰ ቁስሉ ቢድንም እሱ አይድንም።

አስታማሚዎች፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ነው።

መጀመሪያ መንገዱ። ጭንቅላቷ የተሰፋ በግ አራት እግሯ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አትጫን። በጎኗ ተጋድማ ስትቆይ ጨጓራዋ ይነፋና ትንፋሿን ያፍናል። በባጃጅም ይሁን በጋሪ፣ በደረቷ ተቀምጣ፣ አንድ ሰው ይዟት ትጓዝ። ቤት ስትደርስ ከመንጋው ለይታችሁ ነፋስ የማይገባበት፣ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ቦታ አስቀምጧት። በራሷ መደገፍ ካቃታት በሁለት ወገን ጭድ የሞላ ጆንያ አስደግፏት። የደጋው ሌሊት ብርድ ከማደንዘዣ የወጣችን በግ ይጎዳል፤ በመጀመሪያው ሌሊት አሮጌ ጋቢ ይደረብላት።

በደንብ ነቅታ መዋጥ ስትችል ብቻ ውሃ ስጧት፤ ጥቂት ጥቂት። ከዚያ ለስላሳ እርጥብ ሣር በእጃችሁ አቅርቡ፤ አንድ ዓይኗ የማያይ ከሆነ በሚያየው ወገን። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ አትስጧት፤ ለመጠንከር ብላችሁ የምትሰጧት ገብስ ጨጓራዋን አኮምጥጦ ሊገድላት ይችላል። ጨጓራዋ መሥራቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ መዳፋችሁን አሳርፉ። ጤነኛ ጨጓራ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እጃችሁን ይገፋል። ይህን ልጆችም መቁጠር ይችላሉ፤ ጠዋትና ማታ ይቁጠሩ። ማመስኳት ስትጀምር ትልቁ ነገር አልፏል።

ቁስሉ ላይ አመድ፣ እበት፣ ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት አይደረግ። እነዚህ ሁሉ በበጎ ሐሳብ የሚደረጉ ናቸው፤ ከቆዳው ሥር ግን አንጎል አለ፤ እዚያ የገባ ቆሻሻ መመለሻ የለውም። ሐኪሙ የሰጣችሁን አዮዲን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቀሙ። በክረምት ዝንቡ እንቁላሉን ጥሎ ቁስሉ እንዳይተላ በየቀኑ እዩት። የአንቲባዮቲኩ መርፌ አምስት ቀን ከተባለ አምስት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ዳነች ብሎ ማቆም ጀርሙን ማለማመድ ነው። መርፌውን የሚወጋላችሁ የቀበሌው ባለሙያ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ከከተማ ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ ይህ ቀጠሮ ሳይያዝ ቀርቶ የሞቱ በጎች ብዙ ናቸው።

ጥርሷን የምታፋጭ በግ ታማለች ማለት ነው፤ በግ ሥቃይዋን በጩኸት አትናገርም። የሰውነቷ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ስፌቱ ሲያብጥና ሲሸት፣ ሲያንቀጠቅጣት፣ በሁለተኛው ቀን ምንም ሳትበላ ስትውል ቀኑን ሳታሳድሩ ደውሉ። በሌላ በኩል መዞሯ በማግሥቱ ስላላቆመ ተስፋ አትቁረጡ። የተጫነ አንጎል ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ መዞሩ በቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ይቀንሳል፤ የዓይኗ ብርሃን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይወጣል። እስከዚያ ከሚዋጉ አውራ በጎች ጋር አትዋል። ስፌቱ በሚወጣበት ቀን ካልበላች፣ ካልቆመች፣ መዞሯም ከባሰ ሁለተኛ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በሥጋዋ ውስጥ ስላለ ለምግብ ማረድ ግን ከእንግዲህ ምርጫ አይደለም። ባለሙያው ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፋት ፍቀዱ።

የከተማ ነዋሪዎች ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። በከተማችን ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚግጡት በጎችና ላሞች ፌስታል ይውጣሉ። ፌስታል አይፈጭም፤ ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ይገመዳል። ላሚቱ መብላት ትቀንሳለች፣ ደጋግሞ ይነፋታል፣ ትከሳለች፤ «ዓይን በላት» ይባላል። መፍትሔው በግራ ጎኗ ጨጓራዋን ከፍቶ በእጅ ማውጣት ነው። ላም ቆማ፣ ጎኗ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል። ውሳኔው እንደ በጓ ነው፤ ገና አቅም ሳላት እንጂ ቆዳና አጥንት ስትሆን አይደለም። ማስታመሙም ይመሳሰላል። አንድ የሚጨመር አለ፤ ከጤነኛ ላም ጨጓራ የተወሰደ ፈሳሽ ብትጠጣ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ጀርሞች ባዶውን ጨጓራ ሥራ ያስጀምሩታል። አክማችሁ ወደዚያው ቆሻሻ መጣያ ከለቀቃችኋት ግን በዓመቱ በዚያው ቀዶ ሕክምና እንገናኛለን።

ስለ ውሾቹም እንዲሁ ነው። አንዲትን በግ አድነን ውሻውን ካልነካነው በቀጣዩ ዓመት የእኅቷ ልጅ ትዞራለች። በበግ እርባታ የምትተዳደረው አይስላንድ ከውሻ ወደ በግና ወደ ሰው በሚተላለፉ እንዲህ ባሉ ትሎች እጅግ የተጎዳች አገር ነበረች። ዴንማርካዊው ሃራልድ ክራቤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሄዶ ውሾቹን መረመረ፤ ከዚያም ለገበሬው በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ተሰራጨ፤ ስለ ውሾች ሕግ ወጣ። ሰው ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ለውሻ መጣል አቆመ፤ ውሻውም መድኃኒት ተሰጠው። በጊዜ ብዛት በሽታው ከአገሩ ጠፋ። ያኔ ቀዶ ሕክምናውን የሚያግዝ ኤክስሬይ እንኳ አልነበረም።

እኛም የምንችለው ነው። የታረደ በግ ጭንቅላት ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ ለውሻ መስጠት ከተፈለገ ተሰንጥቆ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀቀል። ከውሻ ጋር የሚውል ልጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ፤ ከረጢቱ አልፎ አልፎ በሰው አንጎልና ዓይን ውስጥ ተገኝቷል። የቤታችሁ ውሻ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው። ትሉ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው እንቁላል ስለሚጥል በየስድስት ሳምንቱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ ቢያንስ ከትላልቆቹ በዓላት አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ትሉ ገና እንቁላል አልጣለምና። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ውሻው ሁለት ሦስት ቀን ታስሮ ይቆይ፤ ዓይነ ምድሩም ግጦሽ ላይ ሳይደርስ ተለቅሞ ይቀበር። በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ይህን ቢያደርግ የጎረቤቱ ውሻ ያፈርስበታል፤ ስለዚህ በእድራችሁ ተነጋግራችሁ አንድ ቀን ወስኑና የመንደሩን ውሾች ሁሉ በዚያው ቀን አምጡልን።